ጃፓንና ቻይና ከጨርጨር ተራሮች ሲታዩ



ዛሬ ጭሮ ተብላ ለምትጠራው ለአሰበ ተፈሪ፣ የጃፓንና የቻይና ጠብ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ይሁን እንጂ በ1910ዎቹ ዓመታት ጨርጨርን ለአገሪቱ አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ የደከሙት አገረ ገዥ፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የዚያን ጠብ መዘዝ በዠኔቭ ሸንጎ ፊት ለፊት የገጠሙ ሰው ናቸው።

ፊታውራሪ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ አብነት ያደረጉት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር። ዙፋኗን ሳታፈርስና ለባዕድ ሳትገዛ የሠለጠነች አገር በዚያን ዘመን ሌላ እምብዛም አልነበረችምና ምርጫው አያስደንቅም። በዚያው ዓመት በኅዳር የሁለቱ አገሮች የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈርሞ ነበር። የጃፓንም የጥጥ ጨርቅ በጅቡቲ ገብቶ፣ በአፍደምና በሚኤሶ ጣቢያዎች በባቡር እያለፈ የመሀል አገሩን ገበያ ይዞ ነበር። ባላገሩ ጃፓንን ያወቃት በሕጓ ሳይሆን በጨርቋ ርካሽነት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መልእክተኛ ሆነው ወደ ቶኪዮ በሄዱ ጊዜ በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። ነገር ግን ከመድረሳቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም፣ የጃፓን ጦር በሙክደን ተነሥቶ የቻይናን ግዛት ማንቹሪያን መያዝ ጀምሮ ነበር። ግብዣውና ወረራው ጎን ለጎን ይካሄዱ ነበር ማለት ነው።

ቻይና ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ማኅበሩ መርማሪ ልኮ፣ በየካቲት 1925 ዓ.ም. 42 መንግሥታት በጃፓን ላይ ፈረዱ፤ የተቃወመችው ጃፓን ብቻ ነበረች። እርሷም በወሩ ማኅበሩን ለቅቃ መውጣቷን አስታወቀች፤ ማንቹሪያ ግን አልተመለሰችም። ሮማ ይህን ሁሉ ትመለከት ነበር።

በ1927 ዓ.ም. ማብቂያና በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የኢትዮጵያን አቤቱታ ያሰሙት በዚያው ማኅበር ፊት ነው። ክርክራቸው የጎደለው ነገር አልነበረም፤ የጎደለው ፍርዱን የሚያስፈጽም ክንድ ነበር። ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የኢኮኖሚ ቅጣት ቢወስንም፣ የጦሩን ሞተር የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ ሳይከለክል ቀረ።

የወዳጅነቱ ውልም ብዙ አልቆየም። በ1929 ዓ.ም. ጃፓን ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ የያዘችውን ግዛት አወቀች፤ ኢጣልያም በኅዳር 1930 ዓ.ም. ጃፓን በማንቹሪያ የተከለችውን ማንቹኩዎ የተባለ መንግሥት በማወቅ ውለታውን መለሰች። እንግሊዝና ፈረንሳይን የመሳሰሉት ታላላቅ መንግሥታት ሳይቀሩ ለኢጣልያ ዕውቅና በሰጡበት በዚያ ዘመን፣ ሻንግሃይን ያጣችውና ናንኪንግ ከእጇ ሊወጣ የተቃረበው ቻይና የኢጣልያን ወረራ አላጸደቀችም።