ስለ ጀበናችን
(በዓርብ ስብሰባችን ላይ ከአንዲት አባላችን የተሰማ ንግግር)

እህቶቼ፣ ስለ ቁጠባ ተናገሪ ተብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ዛሬ ስለ ጀበና ልናገር።

ባለፈው ዓርብ ቡና ስንጠጣ «እሷ የነካችውን ሲኒ አልጠጣም» የሚል ቃል እዚህ ቤት ወጣ። ለምን? የልጅቷ እናት ሸክላ ሠሪ ስለሆነች። ቡዳ ናት ለማለት ነው። ሁላችንም ሰማን፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም ዝም አልኩ። የኔም እናት እኮ ሸክላ ሠሪ ናት! ስድስት ዓመት ሙሉ «ገበሬዎች ነን» ስላችሁ ኖሬአለሁ።

ያደግሁት ጎንደር አካባቢ ነው። እዚያ ባለሙያና ርስት አይተዋወቁም ነበር። ቤተ እስራኤሎችን አስቡ፤ ርስት ስለተከለከሉ በሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ኖሩ። መሬት የሌለው በእጁ ካልሠራ ምን ይብላ? ሲሠራ ደግሞ ይሰደባል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። በ1967 ደግሞ የመሬት አዋጅ መጣ። ስድቡ ግን ይኸው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጂዛን ገባ።

እናቴ አፈሩን ፈጭታ፣ ነፍታ፣ የተሰበረ ገል አድቅቃ ትቀላቅልበታለች፤ እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ። ይሄን ሳላውቀው ተምሬዋለሁ። የማዳሜ ሚፋ፣ ያ ዳቦና ዓሣ የሚጋገርበት የሸክላ ምድጃ፣ ስንጥቅ ሲያወጣ በጭቃ ደፈንኩት። «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። «እናቴ» አልኳት። ለማዳም የነገርኩትን ለናንተ ደብቄ!

እዚህም ዘር መቁጠር አለ፤ ቀቢሊ የሆነና ያልሆነ ይባላል። ድንበሩን አልፎ በየመን ፀጉር ቆራጩና ሥጋ ሻጩ «ሙዘይን» ተብሎ ይናቃል። የፈይፋ ተራራ ሰው ግን በእርከኑ ላይ በሚያለማው የኸውላኒ ቡና ይኮራል፤ ሙያው በ2022 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ ተመዝግቦለታል። ለኛ ለሁላችን ያላቸው ስም ደግሞ አንድ ነው፣ «ሐበሺያ»። የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቀን የለም፣ ከራሳችን በቀር።

ይሄ ሁለት ዓመት የጠጣችሁበት ጀበና የእናቴ እጅ ሥራ ነው። በልብስ ጠቅልላ ነው የላከችልኝ። የማይጠጣ ካለ አሁን ይንገረኝ፣ አልቀየምም።

ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። የዚህ ወር ዕቁብ የሷ ነው። ስልኳ ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉላት።