የአያቶቻችን ሮቢት የትኛው ነው?

(በቀድሞ ምሩቃን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ሰባት ቤት መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም። ችግሩ ስማችን የሰው እንጂ የአገር ስም አለመያዙ ነው። በኖርዌይ የገበሬው ስም ከሚኖርበት የእርሻ ቦታ ስም ጋር ይጻፍ ነበር፤ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱትም ብዙዎቹ ያንኑ የቤተሰብ ስም አደረጉት። ኦሉፍ ሪግ የተባለ ምሁር የነዚህን ቦታዎች ስም የሰበሰበበት ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ በብዙ ቅጾች ታትሟል። የልጅ ልጆቻቸው እሱን ገልጠው መንደራቸውን ይፈልጋሉ። እኛ ግን ቦታውን የምንይዘው በቃል ነው፤ ሽማግሌው ሲያልፍ ቦታውም አብሮት ያልፋል።

እስቲ ይፋትን እንውሰድ። «አያቴ የሮቢት ሰው ናቸው» ሲባል የቱ ሮቢት? ሸዋ ሮቢት አለ፣ ጨፋ ሮቢት አለ፣ ቆቦ አጠገብም ሌላ ሮቢት አለ። ስሙን ከሮብ ገበያ ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው፤ ጎረቤቷ ሰንበቴም የምትታወቀው በእሑድ ገበያዋ ነው። አጣዬን ወረቀት ላይ ስትፈልጓት ኤፌሶን ተብላ ልታገኟት ትችላላችሁ። ይፋትን ራሷን በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ «አውፋት» ሲላት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነ ክራፕፍ «ኤፋት» ብለው ጽፈዋታል።

አስተዳደሩም ተለዋውጧል። በንጉሡ ዘመን ወረቀት ላይ «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ» የሚል ታገኛላችሁ፤ ከሥሩ ወረዳውና ምክትል ወረዳው ይከተላል። ያ አውራጃ ዛሬ የለም። ከፊሉ ሰሜን ሸዋ፣ ከፊሉ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ካርታ ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አዛውንቶቻችንን ስንጠይቅ የመንደሩን ስም ብቻ ሰምተን አንነሣ። የየትኛው ታቦት አጥቢያ ነበር? መስጊዱስ የት ነበር? ውሃ የሚቀዳው ከየትኛው ወንዝ ነው? የሚገበዩት በየትኛው ቀን፣ የት ነበር? የመንደር ስም ሲቀየር ታቦቱና ወንዙ ብዙ ጊዜ ባሉበት ይቆያሉ። በቆላው አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ አንዱን ቦታ በሁለት ስም ሊጠሩት ይችላሉና ጎረቤትንም እንጠይቅ። ከዚያ በኋላ የሰማነውን ከ1፡50,000 ካርታ ጋር እናመሳክር፤ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የተጓዦች መጻሕፍትም እናገላብጥ።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሰው ሞቷል፣ ቤት ወድሟል፣ ሕዝብ ተሰዷል። ተፈናቅሎ ያደገ ልጅ ነገ «አገሬ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ወረቀት ያስፈልገዋል። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ደግሞ አንድ ቀን ይጠፋል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። እያንዳንዳችን ከቤተሰባችን አዛውንት ጋር ቁጭ ብለን አንድ ገጽ እንጻፍ፦ የቦታው የድሮና የአሁን ስም፣ ታቦቱ ወይም መስጊዱ፣ ወንዙ፣ ገበያው፣ የነገረን ሰውና ቀኑ። አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ፣ አንዱን ለዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት እንስጥ። መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን በዚህ አሰማሩልን።