ፍላሽን ከካሜራ ለይቶ በቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን በቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ስናነሣ ፍላሹን ከካሜራው ለይተን ስለ መጠቀም ነው። «ይህ የጨዋታ ነገር እንጂ ለጉባኤ የሚበቃ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እያንዳንዳችን የቤታችንን አልበም ገልጠን ብንመለከት፥ እናቶቻችንና አያቶቻችን እንዴት ሆነው እንደ ወጡ እናያለን። ነጠላው ቦግ ብሎ ይታያል፤ ፊቱ ግን ጨልሞ ጠፍቷል። ወይም ደግሞ ብልጭታው ፊት ለፊት ስለ መታቸው አፍንጫና ጉንጭ ሳይለይ መልካቸው እንደ ወረቀት ተለጥፏል። ነገ ለልጅ ልጆቻችን የእነዚህን ሰዎች መልክ የሚመሰክረው ይኸው ሥዕል ብቻ ስለሚሆን፥ ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም።

የዚህ ጉድለት ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ከመሣሪያው አሠራር የመጣ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ስለዚህ ነጭ ልብስ ሥዕሉን ሲሞላው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጠይም ፊትም አብሮ ይጨልማል። በፊልሙ ዘመንም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኮዳክ ኩባንያ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ይሆን ዘንድ የሚልከው «ሸርሊ» የተባለው ካርድ የነጭ ሴት ሥዕል ያለበት ነበር። ለብዙ ዓመታትም የእኛን የመሰለ መልክ መለኪያ ሆኖ አልተቈጠረም።

ሁለተኛው ምክንያት ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ዐይናችን የፊትን ቅርጽ የሚያውቀው በጥላ ነው። ካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ ግን ከሌንሱ ጋር በአንድ መንገድ ስለሚሄድ፥ ጥላውን ሌንሱ ከማያየው ከሰውዬው ኋላ ይጥለዋል። ከዚህም በላይ በዐይን ብሌን ገብቶ ደም ከበዛበት ከውስጠኛው ግድግዳ ስለሚመለስ ዐይንን ቀይ ያስመስላል።

የመጀመሪያውን ችግር የፈጠሩት ሌሎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ግን እኛው ራሳችን ልናስወግደው እንችላለን። ፍላሹን ከካሜራው ነቅለን ለጓደኛ እናስይዘው፤ ወይም በመቆሚያ ላይ እናቁመው። ትእዛዙን በሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ በሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ማድረስ ይቻላል። ቦታው ከሚነሣው ሰው በስተ ጐን፥ ከራሱም ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ፍላሹን በቀጥታ ወደ ፊቱ ሳይሆን ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ኮርኒስ ብናዞረው፥ ያ ትንሽ መብራት የግድግዳውን ያህል ይሰፋል፤ የጥላውም ጠርዝ ይለሰልሳል።

በዚህ ላይ ቤቱን ማጥናት ያስፈልጋል። በኖራ የተለሰነ ነጭ ግድግዳ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ግን ቀለሙን በሰው ፊት ላይ ይጥላል። ኮርኒስ የሌለው፥ ጢስ ያጠቈረው ጣራም ብርሃኑን ይውጠዋል። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ነጭ አቡጀዲ ወይም አንሶላ በገመድ ላይ ወጥረን ፍላሹን ወደ እርሱ ማዞር ነው።

ቀጥሎ የርቀትን ሕግ እንመልከት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። አያት ቡና ሲያፈሉ ከፍላሹ 1 ሜትር፥ ልጁ ከኋላቸው 3 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፥ አያት የልጁን 9 እጥፍ ብርሃን ያገኛሉ። ፍላሹ ርቆ ለአያት 4፥ ለልጁ 6 ሜትር ቢሆን ግን ልዩነቱ 2 እጥፍ ከሩብ ብቻ ነው። ወደ ጐን ተዛውሮ ለሁለቱም እኩል ቢርቅ ደግሞ ልዩነቱ ከናካቴው ይጠፋል።

የብርሃኑን መጠን ማስላትም አስቸጋሪ አይደለም። የፍላሹ ጋይድ ነምበር በአይኤስኦ 100 ላይ 40 ቢሆንና ሰውዬው ከፍላሹ 5 ሜትር ቢርቅ፥ 40ን ለ5 አካፍለን የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ እናደርጋለን። በግድግዳ ሲመለስ ብዙ ብርሃን ስለሚባክን፥ ሁለት ደረጃ ያህል ከፍተን ኤፍ 4 እንሞክር። ከሁሉ የሚሻለው ዳኛ ግን ሥዕሉ ነው። ፊቱ ጠርቶ ሲታይ፥ የነጠላውም ክር ከጥለቱ ሲለይ ልኩ ተገኘ ማለት ነው።

የመዝጊያው ፍጥነት የፍላሹን ብርሃን አይለውጥም፤ ብልጭታው በአብዛኛው ከ1/1000 ሰከንድ በታች ያልፋልና። የሚለውጠው የመስኮቱንና የአምፖሉን ብርሃን ነው። በ1/200 ክፍሉ ይጨልማል፤ በ1/30 ግን የከሰሉ ፍም ሳይቀር ይታያል። በብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ቢፈጥን በሥዕሉ ላይ ጥቁር ጥላ እንደሚጋረድ አንርሳ።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ይህን እንሞክረው። አስቀድመን ግን ፈቃድ እንጠይቅ፤ ብልጭታው ሽማግሌዎችን እንዳያስደነግጥ እንንገራቸው፤ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉም እንታገሥ። ሥዕሉንም በስልካችን ውስጥ ቀብረን አናስቀረው፤ አሳትመን በእጃቸው እንስጥ። ወላጆቻችን መልካቸው በትክክል ተመዝግቦ ሊቀመጥላቸው ይገባል፤ ይህንም ከእኛ ከልጆቻቸው በቀር የሚያደርግላቸው የለም።