ክረምት ሳይገባ ቤትን ስለ ማዘጋጀት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንናገረው ስለ ክረምት ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በየወቅቱ ከፍላ ስትቆጥር፥ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ትጠራዋለች። እንግዲህ ክረምት ቀኑን ሰውሮ እንደ ሌባ የሚመጣ አይደለም፤ ቀኑን አስታውቆ የሚመጣ እንግዳ ነው። መምጫው ለታወቀ እንግዳ ቤቱን ሳያሰናዳ የተገኘ ሰው፥ «ድንገት ደረሰብኝ» ብሎ ቢያመካኝ ማን ይቀበለዋል?

ዝናም ከእግዚአብሔር የተሰጠ በረከት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ዝናማትና ስለ ምድር ፍሬ ሳታቋርጥ ትጸልያለች፤ ዝናም ባይኖር ገበሬው ምን ይዘራል? ከተሜውስ ምን ይበላል? ነገር ግን ይኸው በረከት ያልተዘጋጀ ቤት ሲያገኝ መከራ ይሆናል። ጥፋቱ የዝናሙ አይደለም፤ የሰው ስንፍና ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ በ10ኛው ምዕራፍ፥ ጣራ የሚዘብጠው፥ ቤትም የሚያንጠባጥበው ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ ስለሚቀመጥ መሆኑን ገልጦ አስተምሮናል።

አባታችን ኖኅን እናስብ። መርከቡን የሠራው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ነው። ውስጡንም ውጭውንም በቅጥራን ለቀለቀ፤ ለሰውና ለእንስሳ የሚበቃ ምግብም አስገባ። ዝናሙ መዝነም ከጀመረ በኋላ መጥረቢያ ፍለጋ አልወጣም። ደግሞም መርከቡን ለራሱ ብቻ አልሠራም፤ ቤተ ሰቦቹና ፍጥረታት ሁሉ የሚድኑበት አድርጎ ሠራው እንጂ። ይህን የኋለኛውን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ የዛሬው ትምህርታችን ዋና ጕዳይ እርሱ ነውና።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሥርዐት ጠብቀው ኖረዋል። በጋው ሳያልቅ አባወራው ጎረቤቱን በደቦ ጠርቶ የጎጆውን ሣር ክዳን ያድሳል፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመርጋል፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቈፍራል። እማወራይቱም እንጨቱንና ኩበቱን ከደረቅ ቦታ ትከምራለች፤ በርበሬውን ፀሐይ ሳለ አስጥታ ታስፈጫለች፤ ሽሮውንና በሶውን ታሰናዳለች፤ እህሉን ከእርጥበትና ከነቀዝ ጠብቃ ከጎታ ትከታለች። እነርሱ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለሆዳቸው ብቻ አልነበረም፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃና ጎርፍ መንገድ ሲዘጋ፥ እንግዳ ወይም ችግረኛ ቢመጣ ባዶ ቤት እንዳያገኝ ነበር እንጂ።

እኛ የዛሬዎቹ ከተሜዎች ግን «ሣር ክዳን የለንም፥ ኩበትም አንከምርም፤ ስለዚህ የክረምት ሥራ የለብንም» የምንል ይመስላል። እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባ በምሥራቁ ወገን በቦሌ፥ አትላስ የሚባለውን ሰፈር ተመልከቱ። በአንድ ወገን ረጃጅም ፎቆች ተሠርተዋል፤ በሌላ ወገን የዛገ ቆርቆሮ የለበሱ ትናንሽ ቤቶች አሉ። ቀድሞ ሣር የበቀለበትና ውሃውን ይጠጣ የነበረው መሬት ዛሬ ሲሚንቶና አስፋልት ለብሷል። አስፋልት ውሃ አይጠጣም፤ የተቀበለውን ሁሉ ወደ ታች ይሰዳል።

የዝናሙን ብዛት በቍጥር እንመርምር። በአዲስ አበባ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም ይወርዳል፤ ከዚህም ከግማሹ የሚበልጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ጣራው 60 ካሬ ሜትር በሆነ መካከለኛ ቤት ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ፥ 1,500 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 75 ጀሪካን ይሞላል። ከአንድ ጣራ፥ በአንድ ዝናም ይህን ያኽል ከወረደ፥ ከመንደሩ ጣራ ሁሉ የሚወርደው ምን ያኽል ይሆን?

ስለዚህ አስቀድመን የየራሳችንን ቤት እንመርምር። ኮርኒስ በሌለው ቤት በቀን በርና መስኮት ዘግታችሁ ወደ ላይ ብትመለከቱ፥ ዛሬ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ነገ ውሃ የሚገባበት ነው፤ ፀሐይ ሳለ ድፈኑት። የላላውን ምስማር አጥብቁ፤ የዛገውን ቆርቆሮ ለውጡ። አሸንዳው ቅጠልና አፈር ሞልቶት እንደ ሆነ ጥረጉት፤ የታፈነ አሸንዳ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋልና። በግቢው ያለውን ቦይ ክፈቱ። የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦ ወይም ቆጣሪው ውሃ በሚያገኘው ስፍራ ተቀምጦ ከሆነ፥ ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩ፤ በእርጥብ እጅ አትንኩት።

ከሁሉ ይልቅ ስለ ከሰል እናስጠነቅቃችኋለን። ክረምት ሲገባ ብርዱን ለማራቅ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ያስገባሉ፤ በርና መስኮቱንም ይዘጋሉ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ካለቀ በኋላ እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ማታ ተሳስቀው የተኙ ቤተ ሰቦች ንጋት ላይ ሬሳቸው የተገኘበት ጊዜ በሀገራችን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከሰል ከውጭ ይቀጣጠል፤ መስኮት ይከፈት፤ ለመኝታም ሳትተኙ ምድጃውን አውጡ። ራስ የሚያዞር ወይም የሚያቅለሸልሽ ነገር ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የፈጸመ ሰው «እነሆ ቤቴ ለክረምት ተዘጋጀ» ይል ይሆናል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቀዋለን፤ ከጣራህ የወረደው ያ 75 ጀሪካን ውሃ ወዴት ሄደ?

ከተማችን ከሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ጀምራ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች ትወርዳለች። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ስፍራ ግን ወደ 2,330 ሜትር ነው። ስለዚህ የላይኛው ሰፈር ውሃ ለታችኛው ሰፈር ጎርፍ ነው። ባለ ፎቁ አሸንዳውን አሳምሮ ወደ ጎረቤቱ አጥር ቢያዞረው፥ የእርሱ ግቢ ይደርቃል፤ የመበለቲቱ ጭቃ ግድግዳ ግን ይናዳል። ሱቀኛው የደጃፉን ቆሻሻ ጠርጎ ከጎርፍ መውረጃው ውስጥ ቢጥለው፥ ደጃፉ ይጠራል፤ ዝናም በጣለ ሌሊት ግን ያ የፕላስቲክ ከረጢትና ጠርሙስ ቦዩን ደፍኖ፥ ውሃው ከታች ባሉት ሕፃናት አልጋ ሥር ይገባል። ይህ ሰው የሰው ቤት አላፈረሰም፤ በሕግም አልተከሰሰም። በእግዚአብሔር ፊት ግን ምን ይላል?

የኦሪት ሕግ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በኦሪት ዘፀአትም በ21ኛው ምዕራፍ፥ ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድን የተወ ሰው፥ የሌላው ከብት ቢገባበት ዕዳው የእርሱ ነው። ለከብት ይህን ያኽል ከታሰበ፥ ክዳኑ የጠፋ የጎርፍ ጉድጓድ በውሃ ተሸፍኖ ሳለ በማታ የሚሄድ ሕፃን ቢገባበት እንዴት ይሆን? እያየን ምልክት ሳናቆምበትና ለሚመለከተው ክፍል ሳናስታውቅ ያለፍን ሁሉ ከዕዳው ነጻ አይደለንም።

ውሃ አጥር አያውቅም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የሆነውን እናስታውስ። ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ በሌሊት የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ፥ በእንቅልፍ የነበሩትን ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ወሰደ። ዝናሙ የጣለው በላይ ነው፤ ሰው የሞተው በታች ነው። በላይ የምንኖር ሁሉ ይህን ልናስብ ይገባናል።

በታች የሚኖረው ደግሞ ሁልጊዜ ከቁልቁለቱ በታች ያለው ብቻ አይደለም፤ በገዛ ግቢያችን ውስጥም አለ። በአትላስና በዙሪያው በሚሠሩት ፎቆች ደጃፍ፥ ሌሊቱን ሙሉ ንብረታችንን የሚጠብቀው ዘበኛ ከምን ውስጥ ያድራል? ከአራት ቆርቆሮ በተሠራች፥ ነፋስ በሚያንኳኳት ጎጆ አይደለምን? የቤት ሠራተኛይቱስ የምትተኛው ከማድ ቤቱ፥ ከከሰሉ አጠገብ አይደለምን? በጓሮ ካለችው ክፍል የሚኖረው ተከራይ ጣራው እያፈሰሰበት ሳለ፥ «ቤቱን ልቀቅ» እንዳይባል ፈርቶ ባልዲ ደቅኖ ያድራል። የኪራዩን ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ቆጥሮ የሚቀበል ክርስቲያን፥ የባልዲውን ድምፅ መስማት አለበት። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ፥ የታረዘውን ወንድም በቃል ብቻ መርቆ ልብስ ሳይሰጡ ማሰናበት ምንም እንደማይረባ ገልጦልናል። እኛም «እግዚአብሔር ክረምቱን በሰላም ያሳልፍልህ» ብለን አንድ ቆርቆሮ ከነፈግነው፥ ምርቃታችን ከንቱ ነው።

ሕዝባችን ለሰው የማይራራ ሕዝብ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ከብርቱ ዝናም በኋላ መሬቱ ተንዶ ሰዎችን በቀበረ ጊዜ፥ ጎረቤቶቻቸው በዶማና በእጃቸው እየቈፈሩ ሊያወጧቸው ሮጡ፤ በዚያም ሳሉ መሬቱ ዳግመኛ ተናደባቸው። በዚያ አደጋ ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችን ዐረፉ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሄዱ ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። እንዲህ ያለ ፍቅር ያለው ሕዝብ፥ ለተቀበረ ጎረቤቱ እስከ ሞት ድረስ የሚቈፍር ከሆነ፥ በሕይወት ላለው ጎረቤቱ ቦይ መቈፈር እንዴት ያቅተዋል?

ስለዚህ እስከ ሰኔ 26 ቀን ባሉት ቀናት ልናደርገው የሚገባንን እንናገር። የዕድራችሁ ዳኞች ተሰብስበው፥ በመንደሩ ውስጥ ጣራው የሚያፈስስበት አረጋዊና ጠያቂ የሌላት መበለት ማን እንደ ሆኑ ይቍጠሩ። ዕድር ለቀብርና ለድንኳን ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ሰው ሳይሞት ቢረዳው ይበልጥ ያምርበታል። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበርተኞች ከዝክራችሁ ጥቂት ቀንሳችሁ ምስማርና ቆርቆሮ ግዙ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፥ ተማሪ ቤት ሲዘጋ በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ከሚያድሱት በጎ ፈቃደኞች ጋራ እጃችሁን አስተባብሩ። ባለ ፎቆች ሆይ፥ አሸንዳችሁን ወደ ጎርፍ መውረጃው እንጂ ወደ ድኻው አጥር አታዙሩት፤ መሠረት ለመጣል በቈፈራችሁት ጉድጓድ ዳር ያለውን ጎረቤት ቤትም ዝናም ሳይመጣ መከታ አድርጉለት። ነጋድያን ሆይ፥ በደጃፋችሁ ያለውን ቦይ የራሳችሁ መደርደሪያ እንደ ሆነ አድርጋችሁ ጥረጉት።

በመጨረሻ፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ያስተማረውን የሁለቱን ቤቶች ምሳሌ እናስታውሳችሁ። በማቴዎስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ በሁለቱም ቤቶች ላይ የወረደው ዝናም አንድ ነው፤ የመጣውም ጎርፍ፥ የነፈሰውም ነፋስ አንድ ነው። ልዩነቱ ከዝናሙ በፊት በተሠራው መሠረት ነው። መሠረቱ ዐለት የተባለውም ቃሉን ሰምቶ የሠራ ሰው ነው፤ አሸዋ የተባለውም ሰምቶ ያልሠራ ነው። ሁለቱም ሰምተዋል። ይህን ንግግር ሰምቶ «መልካም ተናገሩ» ብሎ ራዲዮውን የሚዘጋ፥ አሸንዳውንም እንደ ነበረ የሚተው ሰው ቤቱን ከአሸዋ ላይ ሠራ። ወጥቶ የጎረቤቱን ጣራ የሚያይ ግን፥ ቆርቆሮው ያረጀ ቢሆን እንኳ፥ ቤቱ በዐለት ላይ ነው።

የዝናማት ጌታ፥ የወቅቶች ሠሪ እግዚአብሔር፥ ዝናሙን የምሕረት ያድርግልን፤ ዘራችንን ያብቅልልን፤ በላይ ያለው በታች ላለው የሚያስብበት ልብ ይስጠን። መጪውንም ክረምት በሰላም አሳልፎ ለዘመነ ጽጌ ያድርሰን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።