ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች



በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫውን ሆሳዕና ላይ ቢያደርግም፣ ቢሮዎቹን ሁሉ በአንድ ከተማ አልሰበሰበም። ዱራሜ፣ ወራቤ፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራና ሌሎችም ከተሞች ድርሻቸውን ይዘዋል። ከዚህም የተነሣ ደብዳቤና ሰነድ ከከተማ ወደ ከተማ በየዕለቱ መመላለስ አለባቸው። በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ እንደሚታወቀው ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት የሠራተኞች የግል ቴሌግራምና ጂሜይል ናቸው። ስለዚህም ከሆሳዕና ዱራሜ የሚሄድ ሰነድ አስቀድሞ ባሕር ይሻገራል፤ ሠራተኛው ሲዛወር ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ማኅደር በስልኩ ውስጥ ሆኖ አብሮት ይዛወራል።

ሌላ መንገድ አለ። ኢሜይል ራሱ ከመነሻው በአንድ ማዕከል ያልታሰረ አገልግሎት ነው፤ ማንኛውም ተቋም የራሱን ሰርቨር ተክሎ በጋራ ደንብ ከሌላው ጋር ይጻጻፋል። ለሰነድ ማከማቻ ኔክስትክላውድ፣ ለመልእክት ማትሪክስ በዚሁ ሐሳብ የተሠሩ፣ ምንጫቸውም ክፍት የሆነ ናቸው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ በተቋረጠ ጊዜ፣ ሰነዱን በውጭ አገር ሰርቨር ብቻ ያኖረ ቢሮ የገዛ ፋይሉን ለመክፈት አይችልም ነበር። በቅጥሩ ውስጥ ሰርቨር ያለው ግን በውስጥ መስመሩ ይሠራል።

ይህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለውና የጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ 2፣ ልማቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ምንጩን ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ገብቶበታል። መስመር ሲጠፋ የተሞላው ቁጥር በኮምፒዩተሩ ውስጥ ቆይቶ መስመሩ ሲመለስ ይላካል። ምንጩን ዘግቶ ከሚሸጥ ኩባንያ አሥራ ሦስተኛ ወር ለማስጨመር ምን ያህል ደጅ መጥናት እንደሚጠይቅ የሞከረ ባለሙያ ያውቀዋል።

የዋጋውም ነገር አለ። እርግጥ ፈቃድ ባልተከፈለበት ቅጂ የሚሠራ ቢሮ የሶፍትዌር ዋጋ አይሰማውም። ይሁን እንጂ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቋረጠ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የደኅንነት ቺፕ የሌላቸውን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። አዲስ እንዳይገዛ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በእነዚሁ ማሽኖች ላይ ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ ቢጫኑ ገና ለዓመታት ያገለግላሉ። በላቲን ፊደል ለሚጻፉት ለሀዲይሳና ለከምባቲሳም መምህራን የቃላት ዝርዝር አዘጋጅተው የፊደል ግድፈት ማረሚያ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም።

ነገር ግን ነጻ ማለት ወጪ የሌለበት ማለት አይደለም። ሰርቨር መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ማሻሻያውን በየጊዜው የሚጭንለት ሰው ይፈልጋል። ጠባቂ የሌለው ሰርቨር ከጂሜይል የባሰ አደጋ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ለብቻው ሰርቨር ይትከል ማለት ከንቱ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናና በዱራሜ ግቢዎች አሉት፤ ሁለቱ ከተሞች አንድ አንድ ሰርቨር ይዘው አንዱ የሌላውን ቅጂ ቢጠብቅ ሥራው ለጥቂት ሰዎች የሚቻል ይሆናል።

ኢሜይልን ማስተዳደር ከሁሉም ስለሚከብድ መጀመር ያለበት ከሰነድ ማከማቻ ነው። ለሙከራ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር፣ ሁለት ዲስክና አንድ ባትሪ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ቢሮ ደብዳቤዎች ብቻ ይግቡበት፤ በየወሩም ዱራሜ ያለው ቅጂ በእርግጥ መከፈቱ ይፈተሽ።