መንገድ ሳይቆፈር ቱቦ ማደስ

የፍሳሽ ቱቦ ስላረጀ ብቻ አስፋልት መቆረጥ የለበትም። እንግሊዛዊው ኤሪክ ዉድ በ1971 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ለንደን ያረጀ የፍሳሽ መስመር ሳይቆፍር አድሷል። በዛሬው አሠራር ፈሳሽ ሙጫ የጠጣ፣ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ያለ ረጅም ጨርቅ በማንሆል ይገባል። የውኃ ግፊት እየገለበጠ ወደ ፊት ይገፋውና ከአሮጌው ቱቦ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ውኃው ሲሞቅ ሙጫው ይጠነክራል፤ በአሮጌው ውስጥ አዲስ ቱቦ ተሠራ ማለት ነው። የተሸፈኑትን የየቤቱን መጋጠሚያዎች ደግሞ ሮቦት ከውስጥ ቆርጦ ይከፍታል።

ዘዴው ለሁሉም አይሆንም። ጨርሶ የተደረመሰ ወይም ቁልቁለቱን የሳተ ቱቦ ብዙውን ጊዜ መቆፈሩ አይቀርም። ይህን ለይቶ የሚነግር ቀድሞ የሞከረ ከተማ ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ከተሞች በካሜራ ያዩትን ጉዳት በአንድ ዓይነት መለያ ይመዘግባሉ፤ ከ1 እስከ 5 ደረጃም ይሰጡታል። 5 የከፋው ነው። ስለዚህ የአንዱን መዝገብ የሌላው መሐንዲስ ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ያልተሳካው ሥራ ታሪክ ነው፤ እሱ ሲደበቅ ሌላው ከተማ ያንኑ ኪሳራ ይደግመዋል።

በውኃና ፍሳሽ ሥራ ላይ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ቆፋሪ ከማሰማራታችሁ በፊት ቱቦውን በካሜራ እዩት፤ ያያችሁትንም ለጎረቤት ከተማ ንገሩ።