«ሞተሩ ደክሟል» ከመባሉ በፊት

የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ ሙያ ነው፤ ጉልበት ያጣ የናፍጣ ሞተርን ሕመም ስለ ማወቅ። መጠገኑን ቁልፍ የያዘ ሁሉ ይሞክረዋል። ሕመሙን ለይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ የማደንቀውም እሱን ነው።

በራያ ቆቦ ሜዳ ማሽላው የኖረው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን የሆርማትንና የጎሊናን ጎርፍ በጠለፋ እየጠጣ ነው። በበጋ ለሚተከል ሽንኩርትና ቲማቲም ግን ጎርፍ አይጠበቅም። ጥልቅ ጉድጓድ ያላቸው አካባቢዎች የራሳቸው ፓምፕ አላቸው፤ ወንዝ ዳርና በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ የምትንደቀደቀው ግን ያቺ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ናት። እሷ ስትደክም ውሃው ከመስመሩ ጫፍ አይደርስም፤ ባለቤቱም «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ይላል።

ሙያተኛው ቁልፍ ለማውጣት አይቸኩልም፤ አስነሥቶ ሥራ ላይ እያለች ጭሱን ያያል። ጥቁር ከሆነ ወይ አየር አንሷታል፣ ወይ ናፍጣ በዝቶባታል፣ ወይ ከአቅሟ በላይ ተጭኗታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ከሆነ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ እየወጣ ነው፣ ወይም ውሃ ገብቷል። ብዙዎችን የሚያሳስተው አራተኛው ነው፦ ጭሷ ንጹሕ፣ ጉልበቷ ግን የለም። ይህን አይቶ «ሞተሩስ ጤነኛ ነው» የሚል አለ። ሙያተኛው ግን ወዲያው ወደ ነዳጁ መስመር ይዞራል፤ የምታቃጥለው ናፍጣ ያነሳት ሞተር ከየት አምጥታ ታጨሳለች?

ናፍጣው በጀሪካን ተገዝቶ፣ በበርሜል ተቀምጦ፣ አቧራና ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ፊልትሮው ቀስ በቀስ ይደፈናል። የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳም በጭቃ ትዘጋለች፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በደህና ይነሣና ጥቂት ቆይቶ ይዝላል። መፈተኛው ክዳኑን ላላ ማድረግ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ሕመሙ ተገኘ፣ ወጪ የለውም። የአየር ማጣሪያውም እንዲሁ ይደፈናል፤ በዚያ ነፋስና አቧራ ሌላ ቦታ ከሚቆይበት ጊዜ ቀድሞ ይሞላል።

ከሞተሩ በፊት ሸክሙን መጠርጠር ደግሞ ሌላው የሙያው ጥበብ ነው። ባሕር ላይ አሮጌ የሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ትንሿ ሞተራቸው ስትዝል አስቀድመው ውሃ ውስጥ ያለው ማሽከርከሪያ ላይ ቀንድ አውጣ መሰል ነገርና አልጌ ተለጥፎበት እንደሆነ ያያሉ። እኛ ዘንድ የሚታየው የመሳቢያው ቱቦ ነው፤ ወንፊቱ በቅጠል ተደፍኖ፣ መጋጠሚያው አየር እየሳበ፣ ወይም ጉድጓዱ ርቆ ይሆናል። በባሕር ጠለል ከ10 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ እንጂ ከዚያ በታች ያለን ውሃ መሳብ የሚችል ፓምፕ የለም። ቆቦ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ልኩ ወደ 8 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ በተግባር 6 ሜትር ከተገኘ ጥሩ ነው። በጋው ገፍቶ ውሃው ሲወርድ የሚወቀሰው ግን ሞተሩ ነው።

ለነገሩ ሞተሩም ራሱ እዚህ ሳይታመም ደካማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ወደ 1 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ሰሌዳው ላይ 10 የፈረስ ጉልበት ቢጻፍ ቆቦ ላይ ከ8 ተኩል ብዙም አይዘልም። የግራ ካሱን ዳገት በአሮጌ መኪና የወጣ ሹፌር ይህን አይረሳም።

አንድ ልማድ አለ፣ እኔ ፈጽሞ የማልወደው፦ የናፍጣ ፓምፑን ብሎን አዙሮ ነዳጅ መጨመር። ባለቤቱ ለጊዜው ይደሰታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ናፍጣው ያልቃል፣ የተደፈነው ማጣሪያም እዚያው ተደፍኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሕመሙ ካልተገኘ ነው ውስጡ የሚጠረጠረው። ሞተሩን አጥፍቶ በእጅ ማዞር ነው፤ ጤነኛ ከሆነ መጭመቂያው ላይ ሲደርስ እጅን ይገፋል፣ ካልገፋ ፒስተኑ ወይም ቫልቮቹ እያሳለፉ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ተጭኖ ወደ ከተማ ይሂድ። በራያ ነፋስ ማሳ ላይ የተከፈተ ቴስታታ ሲዘጋ የሚይዘው አሸዋ ሲሊንደሩን ይበላዋልና።